አገልግል በፌስታል

አዲስ አበባ ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ አናት ላይ ከትመው ሳለ፣ ብርዱ ሲበረታባቸው ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ድንኳን ያስተክሉ፣ ገላቸውን ይታጠቡ ነበር። የእቴጌይቱ ልብ እዚያው ሜዳው ላይ ቀረ። የቤት ቦታ ጠየቁ፣ ተሰጣቸው፣ ሰፈሩንም በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» አሉት። ገላ ሊታጠብ ወርዶ ዋና ከተማ ቆርቁሮ የቀረ ሽርሽረኛ በሌላ አገር ታሪክ በቀላሉ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ የሽርሽሩ አቅጣጫ ተገልብጧል። ያኔ ብርድ ሽሽት ወደ ታች ይወረድ ነበር፤ አሁን አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላማ፣ እሑድ እሑድ ዳገቱ ልጅ ባንጠለጠለ፣ ምሳ ባዘለ፣ ኳስ ባቀፈ ሰው ይሞላል። ሰው ሲወጣ የሚሸከመው ብዙ ነው፤ ሲወርድ ግን ቀሎት ነው። ሆድ የገባው ሆድ ገብቷል፤ የቀረው ልዩነት ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

የካ ክፍለ ከተማ፣ ሾላ ገበያ አጠገብ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ስማቸው ምንም አያደርግም፤ እነሱን የመሰለ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። አባት አለ፣ እናት አለች፣ የ11 ዓመት ልጅ አለች፣ የ6 ዓመት ማሙሽ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናትየው እናት፣ እማማ አሉ። ልጅቷ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ከሆነች ወዲህ ቤቱ በዓይነ ቁራኛ የሚጠበቅ ቤት ሆኗል። አባቷ እጁን ታጥቦ ሁለት ሶፍት ከመዘዘ «አባዬ፣ አንዱ አይበቃም?» ትለዋለች። ጥርሱን ሲቦርሽ ቧንቧ ከለቀቀ መጥታ ትዘጋበታለች። አንድ ዐርብ ማታ ታዲያ አዋጅ አወጣች፤ የእሑዱ የእንጦጦ ሽርሽር ቆሻሻ የማይጥል ብቻ ሳይሆን ቆሻሻ የማይፈጥር ይሆናል።

«ፌስታል የለም፣ ሃይላንድ የለም፣ የሚጣል ሳህን የለም» አለች በጣቷ እየቆጠረች።

እማማ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ምሳስ አለ?» አሉ።

አባትየው ልጁን ማስደሰት የሚወድ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቶ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል የተጻፈበት የቀርከሃ ሳህን፣ የቀርከሃ ሹካና ማንኪያ ገዝቶ መጣ። ዋጋውን ለሚስቱ አልነገራትም። ልጅቷ ከፈተችው። ሳህኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሹካው ለብቻው በላስቲክ፣ ማንኪያው ለብቻው በላስቲክ፣ ሁሉም ተሰብስቦ በካርቶን፣ ካርቶኑ በላስቲክ፤ ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ሻጩ በፌስታል አድርጎለታል። ልጅቷ ላስቲኩን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችው፤ ፖሊስ የያዘውን የስርቆት ዕቃ ለፎቶ እንደሚደረድረው። ቁም ሣጥኑ በሳህን ለሞላ ሰው ሌላ ሳህን መሸጥ፣ ያውም ተፈጥሮን አድንበት ብሎ፣ ትልቅ ችሎታ ነው።

የፌስታል ነገር ከተነሣ የእማማ አልጋ ሥር ሳይነሣ አይታለፍም። በአዲስ አበባ ፌስታል የሞላበት ፌስታል የሌለው ቤት አለ ለማለት ያስቸግራል፤ ወይ ከበር ኋላ ተሰቅሏል፣ ወይ ማድ ቤት ተወትፏል። የእማማ ግን ሦስት ናቸው፤ አንዱ የትልልቁ፣ አንዱ የትንንሹ፣ አንዱ ታጥቦ የደረቀው። የዚያን ቀን ማታ ልጅቷ ደፈር ብላ «እማማ፣ ፌስታል እኮ በሕግ ተከልክሏል» አለቻቸው።

«እኔ ሕጉ ሳይወጣ ያጠራቀምኩት ነው።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ቀድሞም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ችግሩ፣ ቲማቲም በሚሸጥበት ጉልት የሚሊ ሜትርን መቶኛ የሚለካ ሰው አለመኖሩ ነው። ስሱም ወፍራሙም እኩል ሲበር ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ይዘውት የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀድመውናል፤ ኬንያ ውስጥ እንዲያውም ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። እማማ ናይሮቢ ቢወለዱ ኖሮ አልጋቸው ሥር ያለው ብቻ ዕድሜ ልክ ያስፈርድባቸው ነበር።

ግን ለፌስታልም ቢሆን ጠበቃ ያስፈልገዋል። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፈለሰፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ልጁ ኋላ እንደተናገረው፣ የአባቱ ሐሳብ ዛፍ ማዳን ነበር። ያኔ ሰው ዕቃ የሚይዘው በወረቀት ከረጢት ነው፤ ለወረቀቱ ዛፍ ይቆረጣል። ፌስታል ግን ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ደጋግመው ይይዙታል ብሎ አሰበ። ራሱ ሁልጊዜ አንድ ፌስታል አጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር አሉ። ሰውየው እማማን ሳያይ ሞተ እንጂ፣ በምድር ላይ ሐሳቡ በትክክል የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ሃይላንዱም እንዲሁ ነው። ሃይላንድ አገራችን ውስጥ ቀድሞ የታወቀ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ውሃው ተረስቶ ስሙ በጠርሙሱ ላይ ቀረ። በየክፍለ ሀገሩ መንገድ ዳር ልጆች ከመኪና ኋላ እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ውሃ መጠየቃቸው እንዳይመስላችሁ፤ ባዶውን ነው የሚፈልጉት። ለዘይት ይሆናል፣ ለጋዝ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ውሃ መያዣ ይሆናል። ከዚያም አልፎ ቁራሌው ይገዛዋል። እማማ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ባዶ ሃይላንድ ይይዛሉ፣ ሲወርዱ የኪዳነ ምሕረት ጸበል ሞልተውበት ይመለሳሉ። ልጅቷ ይህን ለክበቡ መዝገብ በየትኛው መደብ እንደምታስገባው ሁለት ሌሊት አስባ ሳይሆንላት ቀረ፤ «ጸበል ነው» ብላ አለፈችው።

በመጨረሻ መፍትሔው ግድግዳው ላይ ተገኘ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ለጌጥ የተሰቀለ የእማማ አገልግል አለ። አገልግል ምን እንደሆነ ለማያውቅ የዘመኑ ልጅ፣ ከሣር ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የስንቅ ዕቃ ነው። ቤተሰቡ ለ20 ዓመት አቧራውን ሲጠርግለት እንጂ ሲበላበት አልታየም። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ አወረደችው፤ እናቷ ዶሮ ወጥ ልትጭንበት ተነሣች።

«ወጡን ታቀጥኝዋለሽ» አሉ እማማ። «አገልግል የፍትፍት ዕቃ ነው። መንገደኛ ፍትፍት ይይዛል፣ ድርቆሽ ይይዛል። መረቅ ለአገልግል አይሰጥም።»

«እማዬ፣ ልጆቹ መረቅ ይወዳሉ።»

እማማ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ሌላው ሰው «ታያላችሁ» ከሚለው ይብሳል።

እሑድ ጠዋት ሰልፉ ተነሣ። አባት ሰሌንና ፔርሙዝ፣ እናት በኮባ የተጋገረ ድፎ፣ ልጅቷ ብርጭቆና የፕላን ወረቀት፣ ማሙሽ ኳስ፣ እማማ የእጅ ቦርሳቸውን ያዙ። በቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። አገልግሉ በጨርቅ ተቋጥሮ አባትየው ጭን ላይ ተቀመጠ። ታክሲዋ መንቀሳቀስ እንደጀመረች የዶሮው ሽታ ከሹፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። አንዱ ተሳፋሪ «ሠርግ ነው ለቅሶ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «የትም ይሁን፣ እኛም እንወርዳለን» አለ። ሁለተኛዋ ታክሲ ላይ ረዳቱ «ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ!» እያለ ሲጮህ ማሙሽ ፓስፖርት እንደሚያስፈልግ አባቱን አሳሰበ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው እዚያ ካለው የፈረንሳይ ኤምባሲ ነው ተብሎ ቢነገረውም፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያገኘው ሁሉ «ፈረንሳይ ደርሰን መጣን» ከማለት አልተመለሰም።

ታክሲዋ ዳገቱን ስትይዝ አገልግሉ አዘነበለ፤ 20 ዓመት ቅባት ያላየ ቆዳ ደግሞ በመገጣጠሚያው ተሰንጥቋል። የአባትየው ነጭ ሱሪ ቀይ ወጥ ጠጣ። እማማ ምንም ሳይሉ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ አጣጥፈው ከያዙት ሦስት ፌስታል አወጡ፣ አገልግሉን አንዱን በአንዱ ላይ አድርገው ጠቀለሉት፣ ጆሮውን ቋጠሩት። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከታክሲ ወርደው ባሕር ዛፉ መሀል ሲገቡ ልጅቷ ሞራሏ ተመለሰና የክበቡን አቋም አስታወቀች፤ ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፣ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ መተካት አለበት።

«እሱ ባይኖር እናትሽን በምን ጋግሬ ነው ያሳደግኳት?» አሉ እማማ እያለከለኩ።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ጥንት የእንጦጦ ዛፍ አገር በቀል ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም፣ ከተማውም፣ ምድጃውም ጨርሶ በላው። ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ያቆማት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጣ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግንዱ ቤት ይሆናል፣ ቅጠሉ እንጀራ ይጋግራል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ይታጠንበታል። ዛሬ ጠላት ነው ቢሉትም ያኔ ግን አማች ነበር። ማሙሽ በበኩሉ ካርቱን ላይ ያየውን ኮዋላ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲፈልግ ቆየ። ዛፉ ብቻውን እንደመጣ፣ እንስሳው አውስትራሊያ እንደቀረ ሲነገረው በምኒልክ አዘነባቸው።

መታጠፊያው ላይ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ሲወርዱ ተገናኙ። ሸክሙ ከሴቶቹ ይሰፋል፤ መንገዱን ሞልቶታል። ቤተሰቡ ጥግ ያዘ። እማማ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ያበርታችሁ» አሉ። ልጅቷ የፕላን ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ እዚያ ላይ ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሰሌኑ ተነጠፈ። ወጡ ግማሹ አገልግል ውስጥ፣ ሩቡ ፌስታል ውስጥ፣ የቀረው አባትየው ሱሪ ላይ ሆኖ ተቆጠረ፤ ይሁን እንጂ ጣፈጠ። እንቁላሉ፣ ድፎው፣ ሙዙ ሁሉ ከእናት ተፈጥሮ ማሸጊያ ጋር የመጣ ስለሆነ ልጅቷ ደስ አላት። ልጣጩ ግን አይጣልም አለች፤ እንጦጦ ብርድ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም። ቡና በፔርሙዝ መጣ። እማማ ሲኒውን ተቀብለው አዩት። «ጭስ የሌለው፣ እጣን የሌለው፣ ይሄ መድኃኒት እንጂ ቡና ነው?» በዚህ ላይ ግን ልጅቷ አልሸነፍ አለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት የሞላበት ነው፣ በበጋ አንዲት ፍም ከነካችው ጫካው አይመለስም። እውነቷን ነው፤ እማማም ያውቁታል፤ ቅጠል እያነደዱ ሲጋግሩ ስንት ጊዜ ቅንድባቸው ተለብልቧል።

ከጎናቸው የሕፃን ልደት የሚያከብር ሌላ ስብስብ ነበር። ፊኛው ጽዱ ላይ ታስሯል፣ የሚጣለው ሳህን ተቆልሏል፣ ድምፅ ማጉያው ወፉን ሁሉ ሱሉልታ አሻግሯል። ያልተሰደደው ጭላት ብቻ ነው። ማሙሽ የዶሮ እግሩን ይዞ የፊኛውን ዓይነት በጉጉት ሲያይ ጭላቱ ከሰማይ ተወርውሮ እግሩን ከእጁ ወሰደ፤ ጣቱን እንኳ አልነካውም። ልጁ ከማልቀስ ይልቅ አደነቀ። ከምሳው ሁሉ አንዳች ሳይተርፍ፣ ያለ ሳህን፣ ያለ ሶፍት የተበላው ያ እግር መሆኑን ልጅቷ ብትመዘግበው አግባብ ነበር።

ታዲያ ማሙሽ ምሳው ሲወሰድበት ያልተደናገጠው ወዶ አልነበረም። ኪሱ ውስጥ ከሰፈር ሱቅ በድብቅ የገዛው ቺፕስ ነበረው። የላስቲኩ ኮሽታ ሲሰማ እህቱ እንደ ፖሊስ ውሻ ጆሮዋን አቆመች። ምርመራው ሳያልቅ ንፋስ መጣና ባዶውን ከረጢት ከእጁ ነጠቀው። ማሙሽ ሮጠ፣ እህቱ ተከተለች፣ አባትየው በቀይ ነጭ ሱሪው ሁለቱን ተከተለ። ከረጢቱ ቀይ እየተብለጨለጨ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እያለፈ ወደ ጋራው አናት ወጣ፤ ጫፉ ላይ አንድ እሾህ ያዘው።

ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ ወደ ሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። አባትየው ትንፋሹ ሲመለስለት የአስተማሪነት መንፈስ ያዘው። ይህ ጋራ ተራ ጋራ አይደለም፣ ውሃ የሚከፍል ጋራ ነው አላቸው። «ይሄ ከረጢት ወደዚህ ቢወድቅ» አለ ወደ ደቡብ እያሳየ፣ «በክረምት ጎርፍ ቀበናን ይይዛል። ከቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፤ እምቦጭ ካላቆመው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ቆቃን አልፎ፣ መተሐራን አልፎ፣ አፋር በረሃ ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።»

«ባሕር አይገባም?» አለች ልጅቷ።

«አዋሽ ባሕር አያውቅም።»

ልጅቷ ክበቡ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስታወሰች፤ ፌስታል የዋጠ ዓሣ ነባሪ። የቀበና ፌስታል ዓሣ ነባሪ የማግኘት ዕድል የለውም፤ የሚያገኘው የአፋርን ፍየል ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ በሞላበት ጋራ ላይ ቆሞ፣ በዚህ በኩል ቆሻሻው ከአገር የማይወጣ ሕዝብ መሆናችንን ማሰብ ትንሽ ያስተክዛል።

«በዚህ በኩል ቢወድቅስ?» አለ ማሙሽ ወደ ሱሉልታ።

«በዚያ በኩል ወደ ሙገር ነው። ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ግድቡ አለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው። ከግድቡ ካለፈ ሱዳን፣ ከሱዳን ግብፅ፣ ከግብፅ የሜዲትራንያን ባሕር።»

ማሙሽ አንዴ ሰሜን፣ አንዴ ደቡብ አየ። እግሮቹን አጥብቆ ገጠመ።

«አባዬ፣ ሽንቴ መጣ። በየት በኩል ልሽና?»

አባትየው ለዚህ አልተዘጋጀም። እህቱ «ታች መጸዳጃ ቤት አለ!» ብላ ጮኸች፤ ልጁ አልደርስም አለ። በዚህ መሀል እማማ በዝግታ ደርሰዋል። ነገሩ ሲነገራቸው ዱላቸውን ተደግፈው ሁለቱንም አቅጣጫ በጥሞና ተመለከቱ። «ወደ አዋሽ ይሁን» ብለው ፈረዱ። «ዓባይን ተዉት፤ ያለ እሱም ክሱ አላለቀም።»

ማሙሽ ወደ ደቡብ ዞሮ ቆመ። ግን የእንጦጦ ንፋስ የማንንም ፍርድ አይሰማም፤ ድንገት ከከተማው በኩል ነፍሶ ሁሉንም መለሰበት። አዋሽም አላገኘ፣ ዓባይም አላገኘ፤ ሱሪው ላይ ቀረ።

እማማ የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከታጠፈ ፌስታል ውስጥ የልጁን ቅያሪ ሱሪ አወጡ፣ አለበሱት፣ የረጠበውን እዚያው ፌስታል ውስጥ ከተው ጆሮውን ቋጠሩ። እሾህ ላይ የቀረውንም የቺፕስ ከረጢት ለቅመው፣ ትቢያውን አራግፈው ከጎኑ አስቀመጡት። ልጅቷ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቋጠሮውን ተቀበለቻቸውና ራሷ ይዛው ቁልቁል ወረደች።